የሥራ ፈጠራ ክበብ፦ ዕቃ ሳንሸጥ የሠራንበት ዓመት

ክበባችን በየዓመቱ የሆነ ነገር ይሸጣል። አምና አምባር ነበር፣ ካቻምና ጭማቂ። ዘንድሮም አባላቱ መስከረም ላይ "ቲቸር፣ ምን እንሽጥ?" ብለው መጡ። ዕቃው የክበቡ ሆኖ ይቆይና አገልግሎቱን ብቻ ብትሸጡስ አልኳቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም።

ነገሩ እንግዳ እንዳይሆንባቸው ከእድር ጀመርን። እድር ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ብረት ድስት አለው። አባሉ ለራሱ ድንኳን አይገዛም። ወርሃዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑ ደጁ ድረስ መጥቶ ይተከልለታል። አንድ የእድር ዳኛ ጋብዘን ነበር። ጋሼ ስለ ሥራ ፈጠራ ምንም አላሉም፤ ያወሩልን ስለ ዕቃ ቤታቸው ነው። የተቀደደ ድንኳን ማን እንደሚሰፋ፣ የጎደለ ሳህን እንዴት እንደሚተካ፣ ዕቃ ሲወጣና ሲገባ ለምን ተቆጥሮ እንደሚፈረም። ልጆቹ ሳይታዘዙ ማስታወሻ የያዙት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ወደ አምፖል ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1924 መጨረሻ ፊሊፕስ፣ ኦስራምና ሌሎች ትልልቅ አምፖል አምራቾች ጄኔቫ ላይ ፌበስ የሚባል ኅብረት መሠረቱ። ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ተራ አምፖል 1,000 ሰዓት ያህል ብቻ እንዲያበራ ነው። ቀደም ሲል ከዚያ በላይ የሚቆይ አምፖል ገበያ ላይ ነበር። አምፖሉ ዕድሜው የረዘመበት ፋብሪካ ይቀጣል! ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስሌቱ ግን ቀላል ነው። አምፖል ሻጭ ድጋሚ የሚሸጠው የቀድሞው ሲቃጠል ነው።

ዘጠና ዓመት ገደማ አለፈና እ.ኤ.አ. በ2015 ያው ፊሊፕስ ከአምስተርዳሙ ስኪፖል አየር ማረፊያ ጋር ሌላ ዓይነት ውል ገባ። በውሉ መሠረት አየር ማረፊያው የሚከፍለው ለብርሃኑ ነበር። መብራቶቹ ግን የፊሊፕስ ንብረት ነበሩ፤ ሲያረጁም መልሶ የሚወስዳቸው እሱ ነበር። ስለዚህ መብራቶቹ ብዙ እንዲቆዩና በቀላሉ እንዲጠገኑ ተደርገው ተሠሩ። ኩባንያው ጻድቅ ስለሆነ አይደለም። ቶሎ የሚበላሽ መብራት በዚህ ውል የሚያከስረው እሱን ስለነበር ነው።

የአውሮፕላን ሞተር የሚሠራውን የሮልስ ሮይስንም ነገር አነሳሁ። አየር መንገዶች ሞተሩ በበረረበት ሰዓት ልክ የሚከፍሉበት ውል አለው። የእኛ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 የሚበረው በዚሁ ኩባንያ ሞተር ነው ስላቸው ጥያቄው ሁሉ ወደ አብራሪነት ዞረ። ያ ክፍለ ጊዜ በዚሁ አለቀ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ራሳችን ሥራ ገባን። የቤተ ሙከራ ጋዋን መረጡ፤ ጎበዝ ምርጫ ነው። ሁሉም ተማሪ ይገዛዋል፣ በሳምንት አንዴ ይለብሰዋል፣ የቀረውን ቀን ቤት ተሰቅሎ ይውላል። ክበቡ ጋዋን አሰፍቶ በመንፈቀ ዓመት ሒሳብ ያከራያል። ማጠቡ፣ ቁልፍ መትከሉና መጣፉ የክበቡ ሥራ ነው።

ክርክር የተነሳው ጨርቅ ላይ ነው። ገንዘብ ያዧ ስሱና ርካሹ ይሁን አለች። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ሲቀደድ የምንሰፋው እኮ እኛ ነን" አላት። ወፍራሙ ተገዛ። ብብቱም በድርብ ስፌት ተሰፋ። እኔ ስለ ፌበስ ያወራሁት ሁሉ የዚህን ልጅ ንግግር ያህል አልሠራም።

ችግሩም አልጠፋም። ሰው የራሱ ባልሆነ ዕቃ ይጨክናል። እስክሪብቶ ሳይከድኑ ኪስ መክተት፣ በእጅጌ ጠረጴዛ መወልወል... እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ማስያዣ ሲጠየቅ ነገሩ ረገብ አለ።

ትልቁ ጣጣ ውሃ ነው፤ እንደምታውቁት የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጋዋኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር የሚታጠብ ከሆነ በጨርቅ የቆጠብነውን በውሃ ጨረስነው ማለት አይደል? ይህን የጠየቀችው አንዲት ዝምተኛ አባል ናት። ልክ ናት። ማከራየት በራሱ ቁጠባ አይደለም፤ ዕቃው ብዙ ከተመላለሰና ብዙ ከታጠበ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። በየጋዋኑ ላይ ቁጥር ተጻፈ። አንዱ ጋዋን የሚዞረው የቤተ ሙከራ ቀናቸው በተለያየ ጥቂት ተማሪዎች መካከል ብቻ ሆነ፤ አርብ አርብ ሁሉም በአንድ ላይ ይታጠባል። ኬሚካል ከፈሰሰበት ግን አርብ አይጠበቅም።

ትርፉ ከጭማቂው ያነሰ ነው። ለጭማቂው በየሳምንቱ ፍራፍሬና ስኳር እንገዛ ነበር፤ ጋዋኖቹ ግን ለከርሞም አሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያ ለማከራየት ታስቧል። ኳስም ይጨመር የሚሉ አሉ። የግቢያችንን አጥርና እሾሁን ስለማውቅ እኔ እጄን አላወጣሁም።

ጋዋኖቹ ታጥበው ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ተቀምጠዋል፤ መዝገቡም ለአዲሷ ጸሐፊ ተላልፏል። የአባልነት ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል። መርፌና ክር የሚያውቅ ቅድሚያ ያገኛል።