«ወፍራሙ ቶሎ ይሸጣል» ያልኩትን አትማችሁ የቀረውን የት አደረሳችሁት?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ለ6ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ስለሚሆኑ የሒሳብ አጋዥ መጻሕፍት ያወጣችሁት ዘገባ ደሴም ደርሶ ተነቧል። በዘገባው አጋማሽ ላይ «አንድ የደሴ መጽሐፍ ሻጭ እንደገለጹት ወፍራሙ ቶሎ ይሸጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ያ ሻጭ እኔ ነኝ። ስሜ ባይጠቀስም፣ ፒያሳ አካባቢ የሒሳብ መጽሐፍ የሚሸጠው የቀድሞ መምህር ማን እንደሆነ ለማወቅ ደንበኞቼ አልተቸገሩም። ጋዜጣውን ይዘው መጥተው «መምህር፣ እንዲህ ነው እንዴ የሚያስቡን?» ያሉኝ አሉ። ከዓረፍተ ነገሩ ቀጥሎ ዘጋቢያችሁ የራሱን ድምዳሜ አስከትሏልና፤ በክልል ከተሞች ያለ ወላጅ መጽሐፍ የሚመርጠው በውፍረቱና በሽፋኑ ነው ብሏል።

የተናገርኩት ግን እዚያ ላይ አላለቀም። «ወፍራሙ ቶሎ ይሸጣል፤ ቶሎ የሚመለሰውም እሱ ነው» ነበር ያልኩት። ዘጋቢው በስልክ ሲያነጋግረኝ ሱቄ ውስጥ ሰው ነበር። ደንበኞቼን አስጠብቄ፣ ወላጆች ለምን እንደሚመልሱት፣ በምን እንደሚለውጡት፣ ምን ምን እንደሚመረምሩ በዝርዝር አስረዳሁት። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሦስት ቃል ወሰደ፤ የወሰዳቸውንም ቃላት ከተናገርኩት በተቃራኒ ተጠቀመባቸው። ለብዙ ዓመታት 5ኛ እና 6ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ይህንንም ነግሬው ነበር፤ አልጻፈውም። ሻጭ መባሌ አያሳፍረኝም። የሚያንገበግበኝ የገዛ ንግግሬ ተቆርጦ የገዛ ደንበኞቼን ለመስደብ መዋሉ ነው።

ወፍራሙ ለምን ቶሎ ይሸጣል? ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ከልጁ ጋር የማይኖር ሰው ስለሆነ ነው። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። እህት ገንዘብ ትልክና «ለልጁ ትልቁን መጽሐፍ ግዙለት» ትላለች፤ አጎት ለበዓል ሲመጣ ከመናኸሪያ ወርዶ በመንገዱ ይገዛል። ስጦታ ስለሆነ ጠቀም ያለውን ያነሳሉ። ከዚያ እናቲቱ ወይም አባትየው መጽሐፉን ቤት ውስጥ ከፍተው ያዩታል፤ በሳምንቱ «መምህር፣ ይህን በሌላ ቀይርልኝ» ብለው ይመጣሉ። ዘገባችሁ የዘነጋው ወላጅ ይህ ነው።

ምን አይተው እንደሚመልሱት ለአንባቢ አንድ ላሳይ። በሱቄ መደርደሪያ ላይ ከነበረ ወፍራም መጽሐፍ የመቶኛ ምዕራፍ የተወሰደ ጥያቄ ነው። የአንድ ጫማ ዋጋ 1,000 ብር ነበር፤ ነጋዴው በ20 በመቶ ጨመረበት፤ ቆየት ብሎ ደግሞ አዲሱን ዋጋ በ20 በመቶ ቀነሰው፤ አሁን ዋጋው ስንት ነው? ከኋላ ያለው የመልስ ቁልፍ «1,000 ብር» ይላል። ስሕተት ነው። ሲጨመርበት 1,200 ብር ይሆናል፤ የ1,200 ሃያ በመቶ ደግሞ 240 ነው፤ ሲቀነስ 960 ብር ይቀራል። ይህን ያገኙት ከኮምቦልቻ የመጡ የፋብሪካ ሠራተኛ እናት ናቸው። ባንኮኒው ላይ እርሳስ ተውሰው፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ ሠርተው አሳዩኝ። «ልጄ 960 ብሎ ነበር፤ መልሱን ከኋላ አይቶ በላጲስ አጠፋው» አሉኝ።

ዘጋቢያችሁ «የክልል ወላጅ» ብሎ በጅምላ ያለፋቸው እኚህ ሴት፣ አንድ አጋዥ መጽሐፍ ልጅን እንዴት እንደሚጎዳ ከማንም ባለሙያ ባልተናነሰ አስረድተዋል። መልሱን የማያውቅ ልጅ በተሳሳተ ቁልፍ ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው በትክክል የሠራው ነው። ልጁ ከራሱ ይልቅ የታተመውን ያምናል፤ አስጠኚ ከሌለው ደግሞ «ትክክል ነህ» የሚለው አያገኝም። ስለዚህ አንድ ሺህ ጥያቄ ይዞ ቁልፉ ያልታረመ መጽሐፍ፣ ሁለት መቶ ጥያቄ ይዞ እያንዳንዱን ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ከሚያሳይ መጽሐፍ ጋር ለውድድርም አይቀርብም። ዘገባችሁ ግን መጻሕፍቱን ያወዳደረው በጥያቄ ብዛት ነው! ወላጆችን በውፍረት ትመርጣላችሁ ብሎ የወቀሰ ዘገባ ራሱ የመረጠው በውፍረት ነው።

የምርጫ ጥያቄዎችም ቢሆኑ የሚመዘኑበት መንገድ አለ። 2/3 ሲደመር 1/4 ስንት ነው የሚል ጥያቄ ውሰዱ። መልሱ 11/12 ነው። ጥሩ አዘጋጅ ከአማራጮቹ መካከል 3/7ን ያስገባል፤ ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት የሚደምር ልጅ የሚያገኘው እሱን ነውና። 3/12ንም ያስገባል፤ ታህቱን አስተካክሎ ላዕሉን መለወጥ የረሳ ልጅ እዚያ ላይ ይወድቃል። ልጁ የትኛውን እንደመረጠ ያየ መምህር ወይም ታላቅ ወንድም ችግሩ የት እንዳለ ወዲያው ያውቃል። ግድ የሌለው አዘጋጅ ግን 11/12 አጠገብ 50፣ 7 እና 100 ይደረድራል፤ ልጁ ሳይሠራ በዓይኑ ብቻ ይመልስና የቻለ ይመስለዋል። ይህንንም ለዘጋቢያችሁ ነግሬው ነበር። ለመጻፍ አንድ አንቀጽ ይበቃው ነበር።

ስለ ዋጋ የተጻፈው ደግሞ ይበልጥ አናዶኛል። የክልል ወላጅ «ርካሽ ኮፒ ያዘወትራል» ተብሏል። ኮፒ ይሸጣል፤ አልክድም። መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚጫነው መጽሐፍ አይመጣም፤ ፈተናው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ያኔ አንዱን መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አድርገው የሚሸጡ አሉ፤ የሚገዛውም ሌላ አማራጭ ያጣ ወላጅ ነው። እኔ ኮፒ አልሸጥም፤ ምክንያቴንም ገዢዎቼ ያውቁታል። የደበዘዘ ኮፒ ላይ መጀመሪያ የሚጠፋው የመቀነስ ምልክትና የአስርዮሽ ነጥብ ነው። -7 + 3 የነበረው 7 + 3 ይሆናል፤ 0.25 የነበረው 025 ይሆናል። በአማርኛ ወይም በኅብረተሰብ ትምህርት መጽሐፍ አንድ ነጥብ ብትጠፋ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። በሒሳብ ግን ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ይሆናል፤ ቁልፉ -4 ሲል ልጁ 10 አግኝቶ ራሱን ይጠረጥራል። ወላጅን ርካሽ ፈላጊ ብሎ ከመዝለፍ ይህን መጻፍ አይሻልም ነበር?

አሁን ወደ ምክራችሁ ልምጣ። «ያለፉ ዓመታት የአዲስ አበባ ፈተናዎችን የያዘ መጽሐፍ ለሁሉም ይሆናል» ትላላችሁ። አይሆንም። የአዲስ አበባን ፈተና የሚያዘጋጀው የከተማ አስተዳደሩ ትምህርት ቢሮ ነው፤ የእኛን የሚያዘጋጀው የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱም እንደዚሁ ለየብቻ ተዘጋጅተዋል። ማዕቀፉ አንድ ቢሆንም የምዕራፎቹ አቀራረብ፣ የምሳሌዎቹ ዓይነትና የጥያቄዎቹ አጠያየቅ ይለያያሉ። ልጅ ለተጨማሪ ልምምድ ቢሠራው አልቃወምም፤ እንዲያውም ይጠቅመዋል። ነገር ግን አቅሟ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ እናት ያንን አንድ መጽሐፍ በእናንተ ምክር ገዝታ ከሄደች፣ ልጇ የራሱን ክልል የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፎች በደንብ ሳይሸፍን ይፈተናል። ከከሚሴ የሚመጣ ወላጅስ? ልጁ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። እናንተ «ለሁሉም ይሆናል» ያላችሁት መጽሐፍ ለዚያ ልጅ ምን ሊረባው ነው?

«በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መሠረት የተዘጋጀ» የሚለውን የሽፋን ጽሑፍም እንዳለ ተቀብላችሁ ጽፋችኋል። ሽፋን አያችሁ ያላችሁት እኛን ነበር። በ1986 የወጣው ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል አድርጎት ነበር፤ አሁን እስከ 6ኛ ሆኖ 7ኛ እና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ተብለዋል። የትምህርቱ ይዘትም ተከልሷል። አንዳንድ አሳታሚዎች ግን የድሮውን መጽሐፍ አዲስ ሽፋን አልብሰው አውጥተውታል። ይህን ለመለየት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ የመማሪያ መጽሐፉንና የአጋዡን ማውጫ ጎን ለጎን ዘርግቶ ምዕራፍ በምዕራፍ ማመሳከር ይበቃል። ደንበኞቼ ባንኮኒዬ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ግን ስንቱ ልጅ ነው የመማሪያ መጽሐፉ በእጁ ያለው? ዘገባችሁ ጨርሶ ያልነካው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልተዳረሰም፤ ብዙዎች በወላጅ ስልክ ላይ በተጫነ ቅጂ ነው የተማሩት። ስልኩ ከአባት ጋር ሥራ ውሎ ማታ ይመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ አጋዥ መጽሐፍ እንደ ስሙ አጋዥ ሆኖ አይቀርም፤ ዋናው መጽሐፉ እሱ ይሆናል። ስለዚህ ወላጅ የሚፈልገው የጥያቄ ክምር ሳይሆን በየምዕራፉ መግቢያ አጭር ማስታወሻና ተሠርተው የታዩ ምሳሌዎች ያሉትን ነው። በቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ የሚሄደውን ነው።

የእኛ ልጆች ያለፉበትን ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቃል፤ የእናንተ ዘገባ ብቻ አላስታወሰውም። በ2011 አንደኛ ክፍል የገባ የደሴ ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለ መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። በ2014 አራተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ክፍልፋይን ጠንቅቆ መማር በሚገባው ጊዜ፣ ጦርነቱ ከተማው ገባ። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ነፃ እስኪወጡ ድረስ ያ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ተሰዶ ነበር፤ ወይም ቤት ተዘግቶበት ነበር። ሲመለስም የትምህርት ቤቱ ወንበርና መጽሐፍ እንደነበረ አልጠበቀውም። ከዚያ ወዲህም በክልሉ ያለው ሁኔታ የብዙ ልጆችን ትምህርት አቋርጧል። ይህ ልጅ 8ኛ ክፍል ሲደርስ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ከአዲስ አበባው እኩያው ጋር አንድ ነው? ንጥጥርና ወደረኛነት (ሁለት መጠኖችን ማነጻጸርና የንጽጽሮች እኩልነት) ከባድ የሆኑበት ክፍልፋይ ስላመለጠው ነው። ስለዚህ እኔ የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ለሚጠይቀኝ ወላጅ አስቀድሜ ልጁን 3/4 ለ1/2 ሲካፈል ስንት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አንድ ተኩል ካለኝ የ8ኛውን እሰጠዋለሁ። 3/8 ካለኝ አካፍል ሲባል አባዝቷል ማለት ነው፤ የ6ኛውን መጽሐፍ አስቀድሞ እንዲሠራ እመክራለሁ። ወላጆችም በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

አንድ አባት ላንሳ። ከኩታበር በኩል የሚመጡ አርሶ አደር ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ያቀረብኩላቸውን መጻሕፍት በተራ ለልጅቷ ይሰጧታል። «ይህቺን አንብቢልኝ» ይሏታል፤ ጣታቸው እሷ ባሳየቻቸው፣ ተሠርቶ የታየ ምሳሌ ላይ ነው። ካነበበች በኋላ «በይ አሁን መጽሐፉን ክደኚና ለእኔ አስረጂኝ» ይላሉ። ካስረዳቻቸው ያንን ይገዛሉ። ከተንተባተበች «ይኼ ለእሷ አልተጻፈም» ብለው ያስቀምጡታል። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ከዚህ የተሻለ የመጽሐፍ መመዘኛ አላየሁም። ይህንንም ለዘጋቢያችሁ በስልክ ተርኬለት ነበር፤ «በጣም ጥሩ ነው» ብሎኝም ነበር። በጋዜጣው ላይ ግን እኚህ አባት በሽፋን ከሚመርጡት ተደመሩ። በእሳቸው ፊት ምን ብዬ ልቁም?

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የተናገርኩት ሳይቆረጥ በዚያው ገጽ ላይ ይታተም፤ የወላጆችን አመራረጥ በተመለከተ የተሰጠው ድምዳሜም ይታረም። ሁለተኛ፣ ዘጋቢያችሁ ቀጣዩን ዘገባ ሲሠራ ወደ አሳታሚዎቹ ይሂድ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ከአዘጋጁ ሌላ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ የሠራ ሰው ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅልን። ስሕተት የተገኘበትን መጽሐፍ ይቀይራሉ ወይስ ኪሳራው የወላጅና የሻጭ ሆኖ ይቀራል? የጫማውን ጥያቄ ገጽ ጠቅሼ ለአሳታሚው ጽፌ ነበር፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም፤ መጽሐፉም ከነስሕተቱ በድጋሚ ታትሞ መጥቷል።

የቀድሞ የሒሳብ መምህርና መጽሐፍ ሻጭ
ደሴ