ዳይፐር ውስጥ የተደበቀ ዶላር

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ዓሣ ስንበላ፣ ከአሜሪካ የመጣች የእህቴ ልጅ ዶላሯን እንዴት እንዳመጣችው ስታወጋን አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ሊቀር ነበር። ስድስት ሺሕ እሷ፣ ስድስት ሺሕ ባሏ፤ የሷ በሕፃኑ ዳይፐር መሐል ተሸጉጦ! «ከ10,000 በላይ አይፈቀድም ብለውን ተካፈልነው» አለች። ማን እንዳላት እንጃ። የአሜሪካ ሕግ መጠኑን አይከለክልም፤ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ሲወጡም ሲገቡም ለጉምሩክ አሳውቁ ነው የሚለው። ቀረጥ እንኳ የለውም። አብሮ የሚጓዝ ቤተሰብ እንዳያስመዘግብ ብሎ ቢከፋፍለው ግን ገንዘቡ ሊወረስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ አሳውቁ ይላል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወርቅ ሳንቲምም ይቆጠራል። የእኛን የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ደግሞ እባካችሁ በግልጽ አማርኛ አውጡልን፤ ለጥምቀት ሌሎች ዘመዶች እየመጡ ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር