ካዝናው ስለወጣ ሽጉጥ ባዶ አይሆንም፤ ኮርሳችሁን አርሙ

ይድረስ ለኮርሱ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ክላሲክ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ክፍሎች ያዘጋጃችሁትን የኦንላይን ኮርስ ከፍዬ ገዝቼ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ሥዕሉ ያምራል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ይዘቱ ግን አናዶኛል፣ አንዱ ስህተት ደግሞ ሰው ሊያስገድል ይችላል።

ከእሱ ልጀምር። አስተማሪው ካዝናውን ያወጣና «አሁን ሽጉጡ ባዶ ነው» ብሎ ያልፋል። ኧረ በፈጠራችሁ! ካዝናው ይዞ የሚወጣው ውስጡ ያሉትን ጥይቶች ብቻ ነው፤ በርሜሉ ቀድሞ የጎረሰው ጥይት እዚያው ቁጭ ብሏል። በምሳሌነት የመረጣችሁት ኤም 1911 ደግሞ ካዝና ሲወጣ መተኮስን የሚያግድ ነገር የለውም። መዶሻው ተወጥሮ እጀታው ከተጨበጠ፣ ቃታው ሲሳብ ይተኩሳል። እንዲያ ያለ ማገጃ ያለው ብራውኒንግ ሃይ ፓወር የሚባለው ሌላ ሽጉጥ ነው፣ እሱን ስሙንም አላነሳችሁት። መባል የነበረበት ቀላል ነው፦ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር፣ ጣት ከቃታው ይራቅ፣ መጀመሪያ ካዝናው ይውጣ፣ ከዚያ ስላይዱ (ላይኛው ተንሸራታች ክፍል) ወደ ኋላ ተስቦ የጎረሰው ጥይት ይውጣና ክፍት እንደሆነ በርሜሉ ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይታይ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስላይዱ ሲመለስ ከካዝናው ሌላ ጥይት ያጎርሳል፣ ሰውየው ግን ባዶ ያደረገው ይመስለዋል።

ሌላው ቅሬታዬ፣ ክፍሎቹ ላይ ቀስት ስባችሁ ስም ከመጻፍ በቀር ምን እንደሚሠሩ አልነገራችሁንም። እኔ የከፈልኩት ስም ለመሸምደድ አይደለም። ጥይቱ ሲተኮስ በርሜሉና ስላይዱ ተቆላልፈው አብረው ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ ከዚያ የበርሜሉ ኋላ ዝቅ ይልና ይላቀቃሉ፣ ስላይዱ ብቻውን ይቀጥልና ቀለሁን ይዞ ወጥቶ መዶሻውን ይወጥራል፣ ሞላው ሲመልሰው ደግሞ አዲስ ጥይት ከካዝናው ገፍቶ ያጎርሳል። ይህን የተረዳ ሰው ስሞቹ ራሳቸው ይገቡታል።

ቀለሁን ጎትቶ የሚያወጣውንና አስፈንጥሮ የሚጥለውንም አንድ አድርጋችሁታል። ጎታቹ ጥፍር ስላይዱ ላይ ነው፣ ከስላይዱ ጋር ይሄዳል። አስፈንጣሪው ግን ታችኛው አካል ላይ ተተክሎ አይንቀሳቀስም። ዲስኮኔክተሩንማ ጭራሽ ዘላችሁታል። ትንሽ ብረት ናት፣ ግን ስላይዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ተጭና ቃታውን ከመዶሻው ማገጃ (መዶሻውን ወጥሮ ከሚይዘው ክፍል) የምታላቅቀው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኮሰውና ለሚቀጥለው ቃታው መለቀቅ ያለበት በእሷ ምክንያት ነው። ከፊል አውቶማቲክ ምን እንደሆነ ያለ እሷ እንዴት ልታስረዱ አሰባችሁ? ሴፍቲም ሁለት ነው፤ በአውራ ጣት የሚነሳውን ብቻ አሳይታችሁ እጀታው ጀርባ ላይ ያለውን፣ እጅ ካልጨበጠው ቃታውን የሚከለክለውን፣ ተዋችሁት።

ደግሞ ሽጉጡ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ነው ብላችኋል። ዓመቱ እኮ ስሙ ላይ ተጽፏል! ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ይህን ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው።

የምፈልገው ይኸው ነው። የካዝናውን ትምህርት ዛሬውኑ ከሽያጭ አውርዱት፣ አርማችሁም መልሱት። ቀድሞ ለገዙት ሁሉ ስህተቱን በግልጽ ጻፉላቸው፣ አንዳንዱ ሰው ያየውን አምኖ ቤቱ ሽጉጥ ይዞ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። የእኔን ገንዘብ ደግሞ በከፈልኩበት መንገድ መልሱልኝ። የቅናሽ ኩፖን እንዳትልኩልኝ።

ከደንበኛችሁ