መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት

ለተከበሩና ለምወድዎ አባቴ፤
ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ባለፈው ጁምዓ በስልክ «የአውሮፕላኑ መንገድ ያው አንድ አይደለም ወይ? ወደ ዋሽንግተን መሄጃው 17 ሰዓት፣ ወደ አዲስ አበባ መመለሻው 13 ሰዓት የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠብን። ጥያቄው የሾፌር ጥያቄ ስለሆነ ደስ ብሎኛል፤ በጽሑፍ ልመልስልዎ።

ርቀቱማ አንድ ነው። በቀጥታ ሲለካ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ከደሴ አዲስ አበባ 14 ጊዜ ደርሶ መልስ እንደ መሄድ ያህል ነው። ሰዓቱን የሚለዋውጡት ከፍታና ነፋስ ናቸው።

ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ዳገት፣ ሞተሩ አየር እያጠረው ተሳቢው እንደሚያቃስት ይነግሩን ነበር። የቦሌ ማረፊያም ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ መንገደኛ የሞላው አውሮፕላን እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ስለሚከብደው፣ ቀለል ብሎ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ ስለማይል፣ ከዚያ ሲነሣ ነዳጁን ሞልቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል።

ነፋሱ ደግሞ አውሮፕላኖች በሚበሩበት በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ በሰሜኑ የዓለም ክፍል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በብርቱ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው የሚሸፍነው 800 ብቻ ነው፤ ያው ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ግን 1,000 ይሞላለታል። ጎረቤታችን «ምድር ስለምትዞር ነው» ማለታቸውን ነግረውኛል፤ አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራልና ምክንያቱ እርሱ አይደለም። ለክርክር እንዳይሆንብዎ ግን ቀስ ብለው ይንገሯቸው።

እንግዲህ ወደ እኔ ሲመጡ የሚገጥምዎ ረጅሙ ጉዞ ነው። ለነዳጅ ሲያርፍ ደረስን ብለው እንዳይወርዱ፤ አስተናጋጆቹ የሚሉዎትን ይጠብቁ። በየሰዓቱ ተነሥተው በመተላለፊያው ጥቂት ይራመዱ። ዋሽንግተን ከደሴ በ7 ሰዓት፣ በብርዱ ወራት በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ መድኃኒትዎ እንዳይዛባ እስኪደርሱ ድረስ የእጅ ሰዓትዎን በደሴ ሰዓት ይተዉት።

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ከደረሱ፣ ከዚያ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። «መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በመኪና እሄዳለሁ» እንደሚሉኝ አልጠፋኝም፤ ግን ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተቀምጠው ማታውኑ 17 ሰዓት መጨመር ለጉልበትዎ አይሆንምና በዚህ አንድ ነገር እሺ ይበሉኝ።

የፊቱ ነፋስ በፈረንጆቹ ክረምት ይበረታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የእኛ አገር ዝናብና ጭጋግ የኮምቦልቻውን በረራ ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ እኔ ግንቦትን አስቤያለሁ። ከእናቴ ጋር ተማክረው ቀኑን ያሳውቁኝ፤ ቲኬቱን ወዲያው እቆርጣለሁ።

ልጅዎ