ለቅዳሜው የደረጃ አሰጣጥ ልምምድ

ውድ አባላት፣

ሲታተሙ በደንብ ያልተመቱ የድሮ የብር ሳንቲሞችን ደረጃ አብረን ለመወሰን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በተለመደው ክፍላችን እንገናኛለን። ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲምና 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይዛችሁ ኑ። እባካችሁ ሳንቲሞቹን አትወልውሉ! መወልወል ዋናውን ማስረጃ፣ የመጀመሪያውን ነጸብራቅ፣ ያጠፋዋል።

የምንመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ምስሉ ጠፍጣፋ የሆነበት ቦታ በአገልግሎት ብዛት የተበላ ነው ወይስ ከጅምሩ ያልሞላ፣ ማለትም ሲመታ ብሩ የማተሚያውን ቅርጽ ሳይሞላ የቀረ? ሳንቲሙን ጠርዙን ይዛችሁ በአንድ መብራት ስር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ነጸብራቁ ሳይቋረጥ በጠፍጣፋው ላይ ካለፈ ጉድለቱ የምቱ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ደብዝዞ ግራጫ ከሆነ ግን ተበልቷል። ከመመታቱ በፊት በጥሬው ብር ላይ የነበረ ጭረት ወይም ሸካራነት እዚያው ቀርቶ ከታየም ምቱ ደካማ እንደነበር ያሳያል። ከዚያ ገልብጣችሁ ልክ ከጀርባው ያለውን ቦታ እዩ። በአንዱ ፊት ጎላ ያለ ምስል ብሩን ወደራሱ ስለሚወስድ ተቃራኒው ብዙ ጊዜ ሳይሞላ ይቀራል። ክብደት ያግዛል እንጂ ብቻውን አይፈርድም፤ የድሮ ሳንቲሞች ሲወጡም ክብደታቸው እኩል አልነበረም።

ከባዱ ሁለቱም ጉድለቶች የተደረቡበት ሳንቲም ነው። የእሱን መበላት በደንብ በተመታው ክፍሉ መገምገም ይሻላል።

በሳንቲም መግለጫ ካርዶቻችን ላይ የመበላት ደረጃና የምት ጥራት ለየብቻ ይጻፉ ወይ የሚለውንም እንወስናለን። እኔ ይለዩ ባይ ነኝ፤ አንድ ደረጃ ብቻ ሲጻፍ ገዢው የትኛውን ጉድለት እንደሚገዛ አያውቅም።

መምጣታችሁን፣ የምታመጡትን ሳንቲም ብዛትና በካርዱ ጉዳይ ላይ ድምፃችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።