መስመሩ ሞያሌን እንጂ ቦረናን አልከፈለም

ለአዘጋጁ፦

ሰሞኑን ከኬንያ ጋር ስለሚያዋስነን ደቡቡ ድንበራችን ያወጣችሁትን ሰፊ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው እዚያ ድረስ ሄዶ መሥራቱ ደስ ይላል። ግን ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ድንበሩን የሚሻገረው ሰው ሁሉ ወይ ኮንትሮባንዲስት ወይ ሕገወጥ ስደተኛ ሆኖ ነው የቀረበው። ማብቂያው ላይ ደግሞ እንደ መፍትሔ የተቀመጠው እያንዳንዱ ብሔር የየራሱ መንግሥትና የየራሱ ድንበር ይኑረው የሚል ሐሳብ ነው። ሁለቱም አንድ ግምት ላይ ቆመዋል፤ ሕዝብ፣ መንግሥትና ድንበር ልክ በልክ ይገጥማሉ የሚል ግምት። በእኛ በኩል ገጥመው አያውቁም። መስመሩን የተዋዋሉት ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር።

እኔ ያደግኩት ሞያሌ ነው። ከተማዋ አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር ትተዳደራለች። ከእኛ ወገን ቀኙን ይዞ የመጣ መኪና ኬላውን ሲያልፍ ግራውን ይይዛል። እዚህ ሁለት ሰዓት ሲባል እዚያ ስምንት ይባላል፣ ፀሐዩ ግን ያው ነው። ገበያ ላይ ብርና ሽልንግ እኩል ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት ከኢትዮጵያ ወገን ተነስተው ኬንያ ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። አክስቴ ትዳሯ እዚያ ማዶ ስለነበር ለሠርግም ለለቅሶም እንሻገር ነበር፤ ስንደርስ የምንሰማው ያንኑ እቤት የምንናገረውን ኦሮምኛ ነው። ማናችንም ውጭ አገር ሄደን መጣን ብለን አናውቅም።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። ምኒልክና እንግሊዝ ይህን ድንበር የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በ1907 ታኅሣሥ ወር ነው። ከዚያ በፊት አንድ የእንግሊዝ መኮንን፣ ፊሊፕ ሞድ፣ አገሩን ዞሮ መስመር አቅርቦ ነበር። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ ምን እንደሚል ብዙ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም። በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጎሳዎች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ባለው ግጦሽ ይጠቀማሉ፣ የውሃ ጉድጓዶቹም ለሁለቱም ወገን ክፍት ናቸው፣ በተሻገሩበት ጊዜ ግን በዚያ አገር ሹም ሥር ይሆናሉ ይላል። እንግዲህ አስቡት። ቅኝ ገዢውም ንጉሠ ነገሥቱም ለአርብቶ አደሮቹ ለቦረናና ለገብራ ከብት መስመሩ እንደማይሠራ አውቀው ነው የፈረሙት። ችካሉን የተከሉት ግን እንግሊዞች ብቻቸውን ነበሩ፣ ድንበሩ ላይ ያሉት የጋዳዱማ የውሃ ጉድጓዶችም ለአሥርተ ዓመታት ሲያጨቃጭቁ ኖሩ። ነፃ ከወጣችው ኬንያ ጋር የወሰን ውል የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

ቦረና ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ኤላው (ጥልቁ ጉድጓድ) ሥር ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ያቀብላሉ። የማን መንጋ ቀድሞ እንደሚጠጣ፣ የማን እንደሚቆይ ተራውን የሚያወጣው አባ ሄሬጋው ነው። እሱ የሚጠይቀው ጎሳህንና መብትህን እንጂ መታወቂያህን አይደለም። በየስምንት ዓመቱ በሚደረገው የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ ጉሚ ጋዮ ላይም ከኬንያ የሚመጡ ቦረናዎች እንደ ማንኛውም ቦረና ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ አገር ሳይሆን ሕዝብ ነው። ፓስፖርት አይሰጥም፣ ጦር የለውም፣ ግን ሕግ አለው።

መንግሥት አያስፈልግም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ትምህርት ቤቱን፣ ክትባቱን፣ መንገዱን የሚያመጣው እሱ ነው። ሲያጠፋም ጥፋቱ ከባድ ነው። በመጋቢት 2018 (እ.ኤ.አ.) ወታደሮች ሞያሌ ላይ ሰላማዊ ሰዎችን ሲገድሉ፣ መንግሥት ራሱ በተሳሳተ መረጃ ነው ብሎ ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ኬንያ ሸሸ። ብዙው የገባው ዘመድ ወዳለበት አገር ነው። ያን ቀን መስመሩ ሁለት ነገር ሆነ፤ የአንዱ መንግሥት ጠብመንጃ የማይሻገረው፣ ሕዝቡ ግን የሚሻገረው።

«ለእያንዳንዱ ብሔር መንግሥት» ለሚለው ደግሞ ከሶማሊያ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ባንዲራዋ ላይ ያለው ኮከብ አምስቱ ጫፎች ሶማሌ የሚኖርባቸውን አምስት ግዛቶች ያመለክታሉ፤ የእኛው ኦጋዴንና ያኔ ሞያሌም የነበረችበት የኬንያ ሰሜን አሉበት። ሕዝቡ አብዛኛው አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት ነው። ለአንድ ብሔር አንድ መንግሥት ከተባለ ከዚህ የተመቸ የት ይገኛል? እ.ኤ.አ. የ1977ቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ያንን ኮከብ ለመሙላት የተደረገ ነው፣ ስንት ሰው እንዳለቀበት የሚያስታውሱ አባቶች አሁንም አሉ። ያ የሶማሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1991 ሲፈርስ ያፈረሰው ሌላ ብሔር አልነበረም።

የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ካይሮ ላይ ነፃነት ሲገኝ የነበረው ድንበር ይከበር ብለው ሲወስኑም ድንበሩ ፍትሐዊ ነው ብለው አይመስለኝም። መንካት ከጀመርን የት ይቆማል ብለው ነው። ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉትም። በኋላ የተወለዱት ኤርትራም ደቡብ ሱዳንም ከድሮ መስመር ላይ ነው የተነሱት፤ እንዲያም ሆኖ የባድመም የአብዬም (የሁለቱ ሱዳኖች) የወሰን ጠብ አልቀረልንም። ደግሞ ሞያሌ ውስጥ ሌላ መስመር አለ። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ከተማዋን ሲወዛገቡባት ኖረዋል። ኬንያን ከእኛ ከሚለየው ይልቅ የእኔን የልጅነት ጎረቤቶች ያጋጨው ይሄኛው ነው። ቦረናው፣ ጋሪው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ነጋዴው አማራና ጉራጌ በአንድ ቀበሌ እየኖረ በየትኛው ጓሮ ላይ ነው የብሔር ድንበር የሚሰመረው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ዘጋቢ ስትልኩ ኬላው ላይ አይቁም። በበጋው ኤላው ጋ ይቀመጥና አባ ሄሬጋውን ከማዶ የመጣው መንጋ ተራ እንዴት እንደሚያገኝ ይጠይቀው። ጉምሩክም ይግባ፤ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ጀሪካን ዘይት ይዛ የተያዘች እናትና በሌሊት የሚያልፈው ከባድ መኪና በአንድ ዓይን ይታዩ እንደሆነ ይጠይቅ። የ1907ቱ ሦስተኛ አንቀጽ ዛሬ ለአርብቶ አደሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ደግሞ ውጭ ጉዳይን ጠይቃችሁ መልሱን አውጡልን።

የሞያሌ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ