2.7 ፋራናይት «ከዜሮ በታች 16» አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ኮምቦልቻ የሚደርሰኝ በወጣ በማግስቱ፣ አንዳንዴም በሦስተኛው ቀን ነው። እርማቴም ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚደርሳችሁ በዚህ ምክንያት ስለሆነ ይቅርታ አድርጉልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ የምድር ሙቀት ጭማሪ እንዳያልፈው እንጥራለን ብለው የተስማሙበት ልክ «2.7 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ተብሎ ታትሟል። ምድር ሞቀች ተብሎ የተጀመረው ጽሑፍ መሐሉ ላይ በረዶ ሠራ።

ስምምነቱ የሚለው 1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ አውቀዋለሁ፤ እቤቴ ውስጥ ተሠርቶ አይቻለሁና።

ልጄ የምትኖረው ሙቀት በፋራናይት በሚለካበት አገር፣ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። አምና ደውላ «እማዬ፣ የልጅቷ ትኩሳት 104 ገባ» ስትል ባለቤቴ ስልኩን ከእጇ ልትጥለው ምንም አልቀራት። ውሃ በ100 እንደሚፈላ ታውቃለቻ! ወረቀት አምጥቼ አሳየኋት፦ ከ104 ላይ 32 ቀንሺ፣ 72 ይሆናል፤ በ5 አባዢ፣ ለ9 አካፍዪ፣ 40። ያሳስባል፣ ግን የሰው ትኩሳት ነው። ወረቀቱን አጥፋ የመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ እኔ ገበያ ሳለሁ ልጄ ደግማ ደወለችና «በ4 ዲግሪ ቀነሰላት» አለቻት። ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች። ከ4 ላይ 32 ቀንሳ፣ አባዝታ፣ አካፍላ ጨርሳለች። «ከዜሮ በታች 16 ወጣብኝ፤ ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት በሽታ ነው?»

እንደ እናንተው 16! ልጅቷ የተሻላት በ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ቀመሩን እንጂ የት እንደማይገባ አልነገርኳትም። ያን ዕለት ያስረዳኋት በዘመን አቆጣጠር ነበር፤ ለእናንተም በዚያው ልበላችሁ። የእኛ ዓመተ ምሕረት ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ይለያል። ስለዚህ ዓመተ ምሕረት ስንመልስ እንጨምራለን፣ እንቀንሳለን። ነገር ግን 30 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ፈረንጅ አገር ስለሄደ 37 አይሞላውም። ሰዓትም እንዲሁ ነው። እኛ ከ2 እስከ 5 ተሰበሰብን እንላለን፣ ፈረንጁ ከ8 እስከ 11 ይላል፤ ስብሰባው ግን ለሁላችንም 3 ሰዓት ነው የፈጀው። 32 የመነሻ ልዩነት ናት። «ስንት ሆነ?» ለሚለው ትቀነሳለች፤ «በስንት ጨመረ?» ለሚለው ቦታ የላትም። ጭማሪ ከሆነ በ1.8 ማካፈል ብቻ ነው፦ 2.7 ለ1.8፣ 1.5።

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሴንቲግሬድም ፋራናይትም ዜሯቸውን ሰዎች ደስ ባላቸው ቦታ ስለተከሉት ነው። እውነተኛው ዜሮ፣ ከዚያ በታች ቅዝቃዜ የሌለበት፣ በአንዱ −273.15፣ በሌላው −459.67 ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በሴንቲግሬድ እርከን የሚቆጥረው ኬልቪን ነው፤ ከዚያው ተነሥቶ በፋራናይት እርከን የሚቆጥረው ደግሞ ራንኪን ነው። ባለቤቶቹ ሁለቱም የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ፤ ዊልያም ቶምሰን ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1848፣ ራንኪን በ1859። ቶምሰን በኋላ ሎርድ ሲባል ማዕረጉን የወሰደው በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሚያልፈው ከኬልቪን ወንዝ ነው። (እኔ ሎርድ ቦርከና እንደምባለው ማለት ነው።)

የእነዚህ የሁለቱ ዝምድና እንደ ፈረሱላና ኪሎ ነው። ዜሮ ፈረሱላ ቡና ዜሮ ኪሎ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። የሚጨመር የለ፣ የሚቀነስ የለ። ኬልቪኑን በ1.8 ስታባዙት ራንኪን ይሆናል፤ በቃ። ውሃ የሚረጋበት 273.15 ኬልቪን 491.67 ራንኪን ነው። «ስንት ሆነ?» ቢባልም «በስንት ጨመረ?» ቢባልም ያው አንዷ ማባዣ ትሠራለች።

ራንኪንን ዛሬ ማን ይጠቀመዋል የሚል አይጠፋም። አሜሪካ ሠራሽ ኮምፕሬሰር በድሮው ማንዋል የጠገነ ሰው ይጠቀመዋል። ወጣት የጥገና ሠራተኛ ሳለሁ፣ በ260 ዲግሪ ፋራናይት ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው አየር ግፊቱ ሳይለወጥ ወደ 80 ሲቀዘቅዝ የሚይዘው ቦታ ምን ያህል እንደሚቀንስ አስላ ተባልኩ። ትምህርት ቤት የለመድኩት 273 መጨመር ነበርና ሁለቱም ላይ 273 ጨመርኩ። 533 እና 353 ወጣልኝ፤ «ሲሶው ይቀንሳል» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ልክ ቀጠን ያለ ቧንቧ ታዘዘ። ቧንቧው ተገጥሞ አየሩ አልበቃ ሲል ነው አለቃችን ወረቀቴን ያየው። ብዙም አልተናገረኝም፤ «273 የሴንቲግሬድ ዘመድ ነው፣ ፋራናይት ቤት ምን አመጣው?» አለና በእርሳሱ 460 ጻፈበት። 720 እና 540 ሆነ። የቀነሰው ሩብ ብቻ ነበር። በኬልቪን ቢሠራም 400 እና 300፣ ያው ሩብ። በሲሶና በሩብ መካከል ያለችው ልዩነት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቧንቧ ስፈታ አዋለችኝ።

ወደ ጋዜጣችሁ ልመለስ። በዚያው እትም ሌላ ገጽ ላይ፣ ኮምቦልቻ 15 ዲግሪ በነበረችበት ጠዋት ሠመራ 30 ስለነበረች «ሠመራ በእጥፍ ትሞቃለች» የሚል አለ። በፋራናይት ያንኑ ብትጽፉት 59 እና 86 ይሆን ነበር፤ እጥፉ የት ሄደ? አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። እጥፍና ሩብ መናገር የሚቻለው ከእውነተኛው ዜሮ ሲነሡ ነው። በኬልቪን 288.15 እና 303.15፣ በራንኪን 518.67 እና 545.67 ናቸው፤ በሁለቱም ሠመራ የምትበልጠው ከመቶ 5 ገደማ ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ በባቲና በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ሹፌሮቻችንን ይጠይቅ። ሙቀቱ በእውነት በእጥፍ ቢጨምር ኖሮ፣ እዚህ የተነፋው ጎማ ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ ሠመራ በየቀኑ የጎማ ፍንዳታ ሲሰማ ይውል ነበር። የመንገዱ ፍትጊያ የሚጨምረው ሳይቆጠር፣ የአየር ጠባዩ ብቻ ግፊቱን የሚያንረው በዚያችው ከመቶ 5 ነው።

ፊደል ቆጣሪ አትበሉኝ እንጂ፣ «ዲግሪ ኬልቪን» መባሉም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀርቷል፤ ኬልቪን ብቻ ነው። ደግሞም 2.7 ስትጽፉ የምን እንደሆነች አስቡባት። 2.7 ኬልቪን ብትሉ ከጽንፈ ዓለም መጀመሪያ ተርፎ በሕዋ የተበተነው ጨረር መጠነ ሙቀት ነው፤ ከዜሮ በታች 270 ሴንቲግሬድ ማለት ነው። 2.7 ፋራናይት ሆኖ የጭማሪ ሲሆን ደግሞ የፓሪሷ 1.5 ናት።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በሚታይ ፊደል አውጡልኝ። ባለቤቴ የእርሷን ስሌት መጻፌን ሰምታ ተቆጥታለች፤ ልጅቷ መዳኗን ጨምርበት ስላለችኝ ጨምሬያለሁ።

ጡረተኛ የፋብሪካ ጥገና ባለሙያ
ከኮምቦልቻ